ባክስላሽ ያለበት ዶክስትሪንግ ከፊቱ የአር ፊደል ይኑረው

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ፓይተን ለምትጽፉ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የማትስማሙ ካላችሁ በምክንያት ሞግቱኝ።

ሐሳቤ ይህ ነው። ዶክስትሪንግ ውስጥ፣ ማለትም ፈንክሽኑ ምን እንደሚሠራ በሦስት በሦስት ጥቅስ መካከል በምንገልጽበት ጽሑፍ ውስጥ፣ ባክስላሹ ራሱ ለአንባቢ እንዲታይ ከፈለጋችሁ፣ ከሦስቱ ጥቅሶች ፊት አር የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል አስቀምጡ፤ ያኔ ፓይተን ባክስላሹን ሳይተረጉም እንዳለ ይተወዋል። ዋርኒንግ እስኪመጣ አትጠብቁ።

በምሳሌ ላሳይ። ካዛንቺስ ባለው ቢሯችን፣ ለአንድ የቀጠሮ መመዝገቢያ ሲስተም የስልክ ቁጥር የሚያጣራ ፈንክሽን አለን። መጀመሪያ +251፣ ቀጥሎ 9 ወይም 7፣ ከዚያ ስምንት አሃዝ ይጠብቃል። የሚያጣራበት ሬጄክስ (የጽሑፍን ቅርጽ የሚገልጽ ቀመር) ዶክስትሪንጉ ላይ እንዳለ ተገልብጧል። ከፕላሱ ፊት ባክስላሽ አለ። አሃዞቹን ከሚወክለው ዲ ፊትም አለ። ፓይተን 3.12 ላይ ስናስነሳው ይህን ኤስኬፕ (ባክስላሹንና ተከታዩን ምልክት) አላውቀውም ብሎ ዋርኒንግ ሰጠ። የጠቀሰው ግን የፕላሱን ብቻ ነው። በአንድ ስትሪንግ ውስጥ የቱንም ያህል ቢኖሩ የሚያነሳው የመጀመሪያውን ነው።

እሱ ደህና ነው፣ ቢያንስ ይናገራል። የሚያሳስበኝ ሁለት መስመር ወረድ ብሎ ያለው ነው። እዚያ ሎጉ የሚቀመጥበት የዊንዶውስ ፎልደር ተጽፏል። ፎልደሩ ቴምፕ ይባላል፤ ከፊቱ ባክስላሽ አለ። ባክስላሽና ቲ ሲገናኙ ለፓይተን ታብ ናቸው። ስለዚህ ዶክስትሪንጉን በሚያሳየው የፓይተን ትእዛዝ ሄልፕ ብለን ስንጠራው ቲዋ ጠፍታ፣ በቦታዋ ሰፊ ክፍተት ገብቶ፣ ኤምፕ የሚባል ፎልደር ይነበባል። ዋርኒንግ የለም። ኤረር የለም። ፕሮግራሙ ይሠራል። ሰነዱ ግን የሌለ ፎልደር ይጠቁማል።

ይህን ጥቃቅን ነገር የምትሉ ካላችሁ አልስማማም። ኔትወርክ ሲቋረጥ ወይም ዳታ ሲያልቅ ጀማሪ ልጆቻችን እጅ ላይ የሚቀረው ሄልፕ ብቻ ነው። እዚያ የሚያነቡት ልክ መሆን አለበት።

አዲስ ነገርም አልጠየቅሁም። ዴቪድ ጉድጀርና ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ2001 የጻፉት የዶክስትሪንግ አጻጻፍ መመሪያ፣ ፔፕ 257፣ በግልጽ ይለዋል፦ ዶክስትሪንግ ውስጥ ባክስላሽ ከተጠቀማችሁ በአር የሚጀምር ይሁን። እናንተ ጋ እንዴት ነው? አር ታስገባላችሁ ወይስ ባክስላሹን ትደግሙታላችሁ?

የመጡት መልሶች

ክሩ ስለረዘመ፣ አዲስ ለምትገቡ እንዲቀላችሁ የተባለውን በተራ ቁጥሩ እየተረክሁ እዚሁ አስቀምጫለሁ። የራሴንም አስተያየት በየመሃሉ ጣል አድርጌያለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው የአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ተማሪ ነው። በትሕትና ሰላምታ ጀምሮ ግራ የገባውን ጠየቀ። ዶክስትሪንግ ኮሜንት ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። ኢንተርፕሪተሩ ኮሜንትን ዘሎ የሚያልፍ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ባክስላሽ እንዴት ጣጣ እንደሚያመጣ አልገባውም። ጥሩ ጥያቄ ነው። የችግሩ ሥር እዚሁ ላይ ነው።

መልስ 2። አራት ኪሎ አካባቢ የሚሠራ ባክኤንድ ጸሐፊ መለሰለት። በሃሽ ምልክት የሚጀምረውን ኮሜንት ፓይተን አይነካውም። ዶክስትሪንግ ግን እንደማንኛውም ስትሪንግ ተተንትኖ ከፈንክሽኑ ጋር የሚቀመጥ ዋጋ ነው፤ ሄልፕም የሚያሳየው እሱን ነው። ማስረጃም ሰጠ። የዊንዶውሱን ዩዘርስ ፎልደር ከነባክስላሹ ዶክስትሪንግ ውስጥ ብትጽፉ ፕሮግራሙ ጭራሽ አይነሳም። ባክስላሽና ትልቁ ዩ ሲገናኙ ፓይተን ስምንት የሄክስ አሃዝ ይጠብቃል። ሲያጣ ስህተት ብሎ ይቆማል። ተማሪው እቤቱ ሞክሮት እንደተባለው ሆነበት፤ ከሥር ገብቶ አመስግኗል።

መልስ 3። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ይህ ለአንድ መስመር የሚበቃ ነገር ነው፣ ማኑዋሉን ማንበብ የማይፈልግ ሰው በየጊዜው ረጅም ጽሑፍ ይለጥፍብናል አለ። የማኑዋሉን ገጽ ግን አልጠቆመም። አልፌዋለሁ።

መልስ 4። እሷ አላለፈችውም። ሜክሲኮ አካባቢ የምትሠራ የዳታ ተንታኝ ናት። ለእኔ ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው መልስ የእሷ ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእነሱ ቡድን የስታቲስቲክስ ቀመሮችን ዶክስትሪንግ ውስጥ በላቴክ፣ ማለትም ቀመር በሚጻፍበት ቋንቋ፣ ይጽፋል። በላቴክ የግሪክ ፊደል ሁሉ በባክስላሽ ይጀምራል። አንድ ቀመር ውስጥ ሲግማ፣ ላምዳ፣ ቤታና ቴታ ነበሩ። ሲግማ በኤስ፣ ላምዳ በኤል ይጀምራሉ። ሁለቱንም ፓይተን እንደ ኤስኬፕ አያውቃቸውም፤ ስለዚህ ፊደሉን እንዳለ ይተውና ዋርኒንግ ይሰጣል። ቤታ ግን በቢ ይጀምራል። ባክስላሽ ቢ ለፓይተን ባክስፔስ ነው። ቴታ በቲ ስለሚጀምር ታብ ይሆናል። ኑ አዲስ መስመር ይከፍታል። ሮ ጠቋሚውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል። አልፋ የደወል ምልክት ይሆናል። ክፍልፋይ የሚጻፍበት ፍራክ ደግሞ ፎርም ፊድ ይሆናል።

ቁም ነገሩን ያስቀመጠችው እንዲህ ነው። ዋርኒንግ የሚያመጡት ፓይተን የማያውቃቸው ኤስኬፖች ናቸው። እነሱ ሳይበላሹ ይቀራሉ። የሚበላሹት ፓይተን የሚያውቃቸው ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ ዋርኒንግ የመጣበትን ብቻ እየፈለጉ ማስተካከል፣ ደህናውን አክሞ የታመመውን መተው ነው። ቡድኗ ሲግማውን ሲያይ ባክስላሹን ይደግምና ቤታውን ይረሳው ነበር። አር ካስገቡ ወዲህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተስተካከለ። ለመልስ 3ም በጨዋ ደንብ ጠየቀችው፦ ማኑዋሉን ካነበበ ይህን ልዩነት ስለምን አላነሳውም?

መልስ 5 እና 6። ሁለቱ ከርዕስ ወጡ። ፒያሳ እየተገናኘን ማኪያቶ እንጠጣበት የነበረው ቤት በኮሪደር ልማቱ ከተነሳ ወዲህ፣ የወሩ ስብሰባችን የት እንደሚሆን ተጠየቀ። ስታዲየም አካባቢ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሰፊ ጠረጴዛና ሶኬት ያለው ቤት የሚያውቅ ይጠቁም።

መልስ 7። ወደ ጉዳዩ የመለሰን ልጅ ዋርኒንጉ በራሱ ጠፋልኝ አለ። መጀመሪያ ሲያስነሳ አየው። ሁለተኛ ሲያስነሳ የለም። ኮዱን ግን አልነካውም። ስለዚህ አሳሳቢ አይደለም ብሎ ትቶታል።

መልስ 8። ወዲያው አራሚ መጣ። ዋርኒንጉ የሚሰጠው ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ ነው። ኢምፖርት የተደረገ ሞጁል አንዴ ኮምፓይል ከሆነ ውጤቱ ፓይካሽ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። በቀጣዩ ጊዜ ፓይተን ያንኑ ስለሚያነሳ የሚናገርበት አጋጣሚ የለም። ፋይሉን አንድ ፊደል ብትቀይሩ ይመለሳል። በቀጥታ የምታስነሱት ስክሪፕት ግን እዚያ ስለማይቀመጥ በየጊዜው ያሳያል። መልስ 7ን የጻፈው ልጅ ፎልደሩን አጥፍቶ ሞከረ፤ ዋርኒንጉ ተመለሰ። ብዙ ሰው በዚሁ ምክንያት ችግሩ የተፈታ እየመሰለው ስለሚያልፈው ይህን መልስ ሳታነቡ አትሂዱ።

መልስ 9። ብዙዎቻችንን ያስተማሩ ጋሼ ናቸው፤ ታሪኩን አስረዱ። ዋርኒንጉ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ በወጣው 3.6 ነው። ያኔ ብዙ ጊዜ የማይታየው ዓይነት ነበር። በ3.8 የሙከራ ቅጂ ላይ በግልጽ እንዲታይ ተደርጎ፣ የላይብረሪ ጸሐፊዎች ጊዜ እንዲያገኙ ከመውጣቱ በፊት ተመለሰ። በግልጽ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 በወጣው 3.12 ነው። ወደፊት ሙሉ ስህተት ይሆናል ተብሏል።

ቀጥለው ጉዳዩ የፓይተን ብቻ እንዳልሆነ ጻፉ። ጃቫ ውስጥ በኮሜንት መሃል እንኳ ባክስላሽና ትንሿ ዩ ተከታትለው አራት የሄክስ አሃዝ ካልመጣ ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም፤ ጃቫ ዩኒኮዱን የሚተረጉመው ኮሜንቱን ከመለየቱ በፊት ነውና። ሲ ውስጥ ደግሞ በሁለት ስላሽ የተጀመረ ኮሜንት በባክስላሽ ካለቀ ቀጣዩ መስመርም ኮሜንት ይሆናል። በፎልደር ስም ያለቀ ኮሜንት ከሥሩ ያለውን የኮድ መስመር ሲውጥ ማየታቸውን አንስተዋል። የሲ ኮምፓይለሩን ጂሲሲን ዎል በሚባለው አማራጭ ካስነሳችሁት ይህን ይጠቁማል። ጋሼ፣ እናመሰግናለን።

መልስ 10። ክርክሩ የጋለው እዚህ ነው። የአንድ ድርጅት ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ነው። ወደ 3.12 ሲያሻግሩት የድሮ ላይብረሪዎች ሎጉን በዋርኒንግ ሞሉት። መፍትሔው ዋርኒንጉን በጠቅላላ መዝጋት ነው አለ። ሰርቨሩ እየሠራ እያለ ለዶክስትሪንግ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ሥራ የሌለው ነው ብሎም ጨመረ።

መልስ 11። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ የሚለውን ተረት አስቀድማ የገባች ልጅ ናት። ነገ ፓይተን ዋርኒንጉን ወደ ስህተት ሲቀይረው፣ የተዘጋው ሁሉ በአንድ ቀን ሰርቨሩን እንደሚያቆመው አስታወሰችው። እንቅልፍ የሚያጣው ያን ቀን ነው አለችው።

መልስ 12 እና 13። ሰውየው ተቆጣ። ሌሊት ስልክ የሚደወልልኝ እኔ ነኝ፣ እናንተ አይደላችሁም አለ። እዚህ ላይ ጋሼ እንደገና ገብተው ሁለቱንም አበረዱ። የሌሎች ሰዎች ላይብረሪ የሚያመጣውን ዋርኒንግ ለጊዜው መዝጋት ያስኬዳል፣ የራሳችሁን ኮድ ግን አትዝጉበት ብለው ለዩት። ሰውየውም በዚህ ተስማማ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

መልስ 14። ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው። ከትእዛዝ መስመር የሚነሱ ፕሮግራሞችን የሚጽፍ ልጅ ነው። የእሱ ዶክስትሪንግ ከሦስቱ ጥቅሶች ቀጥሎ ወዲያው ባክስላሽ አለው፤ መጀመሪያ ላይ ባዶ መስመር እንዳይታይ መስመሩን ለመቀጠል ያስገባው ነው። አንድ ሰው ፋይሉን ሁሉ በጅምላ አር ሲያስገባበት ያ ባክስላሽ ለተጠቃሚው መታየት ጀመረ። ጥንቃቄው ተገቢ ነው። በጅምላ መቀየር አይሠራም፤ እያንዳንዱ ባክስላሽ ለምን እንደገባ ማየት ያስፈልጋል።

መልስ 15። ኮዱን ሳያስነሱ ስህተት የሚፈልጉት ሊንተሮች ይህን እንደሚያውቁ ጻፈ። ባክስላሽ ያለበት ዶክስትሪንግ አር ይኑረው የሚለው የፓይዶክስታይልና የራፍ ሕግ ዲ301 ይባላል። መስመር ለመቀጠል የገባውን ባክስላሽ አይቆጥርም፤ ሆን ተብሎ በዩኒኮድ ቁጥር ወይም ስም የተጻፈ ፊደልንም ይተዋል። ደብሊው605 የሚባለው ሌላው ሕግ ግን የሚይዘው ፓይተን የማያውቃቸውን ኤስኬፖች ብቻ ነው። የመልስ 4ን ቤታና ቴታ አያይም። ሁለቱ እንደ አንድ ስለሚታዩ ልዩነታቸውን ያዙት።

መልስ 16። በአማርኛ ለምንሠራ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው። አራት ኪሎ ያለች የሞባይል ባክኤንድ ጸሐፊ አንድ ፈንክሽን ስለምን ፈተናውን እንደሚወድቅ አልገባትም ነበር። ፈንክሽኑ ሰላም የሚለውን ቃል ወደ ጄሰን (ፕሮግራሞች ዳታ ወደሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ቀይሮ ያትማል። የፓይተን ጄሰን ሞጁል ካልነገሩት በቀር አማርኛን በቁጥር ይጽፈዋል። ሰ 1230፣ ላ 120ቢ፣ ም 121ዲ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው ከፊታቸው ባክስላሽ ዩ ይዘው ይወጣሉ። ውጤቱን ከተርሚናሉ ገልብጣ ዶክስትሪንጉ ውስጥ በምሳሌነት አስገባችው። ከዚያ የዶክስትሪንግ ምሳሌዎችን አስነስቶ ውጤታቸውን ከተጻፈው ጋር በሚያነጻጽረው በዶክቴስት ስትፈትሸው ወደቀ። የጠበቅኸው ሰላም ነው፣ ያገኘኸው ግን ቁጥር ነው ይላታል። እሷ ሰላም ብላ አልጻፈችም። የጻፈችው ቁጥሩን ነው።

የሆነው ግልጽ ነው። ዶክስትሪንጉ አር ስለሌለው ፓይተን ቁጥሮቹን ቀድሞ ወደ ፊደል ቀየራቸው። ዶክቴስት ሲደርስ የተጠበቀው ውጤት ሰላም ሆኖ ጠበቀው። ከኮዱ የወጣው ግን ቁጥሩ ነው። አር ስታስገባ ፈተናው አለፈ። የዶክቴስት ሰነድም ባክስላሽ ያለበት ምሳሌ በአር ይጻፍ ብሎ ይመክራል። ፈተና ባይኖራት ኖሮ ደግሞ ሄልፕን ያነበበ ሁሉ ፈንክሽኑ ጥርት ያለ አማርኛ እንደሚያወጣ አምኖ ይሄድ ነበር። ከሥር አንድ ሰው ጄሰኑ ራሱ አማርኛ እንዲያወጣ ኢንሹር አስኪ የሚባለውን ፎልስ ማድረግ ይቻላል አላት። ለተጠቃሚ የሚሆነውን ውጤት እሱ ያሳምረዋል። ዶክስትሪንጉ ውስጥ ላለው ባክስላሽ ግን መልስ አይሆንም።

መልስ 17። ይህ ወደ ሌላ ወሬ አወጣን። ዶክስትሪንግ በአማርኛ ይጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ የሚል ነው። ፓይተን 3 ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 ስለሚያነብ የአማርኛ ፊደል በቀጥታ መጻፍ ይቻላል። ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ነው፤ በቁጥር የምንጽፍበት ምክንያት የለም። አንዱ የቢሮው ኮምፒውተር የአማርኛ ኪቦርድ የለውም ብሎ አማረረ። ሌላው እንዴት እንደሚጫን አስረዳው። ወሬው እዚያው ሞቀ። እኔ ለጀማሪ የሚሆነውን በአማርኛ ጻፉ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ግን ራሱን የቻለ ክር ይከፈትለት።

መልስ 18። ከዶክስትሪንግ የሰነድ ድረ ገጽ የሚያወጣውን ስፊንክስን የሚጠቀም ልጅ ሌላ ንብርብር አመጣ። ስፊንክስ የሚያነበው ሪስትራክቸርድ ቴክስት ባክስላሽን በራሱ መንገድ ይተረጉማል። ስለዚህ ፓይተን አንዴ፣ ስፊንክስ አንዴ ይበላዋል። በኮከብ የሚጀምር የአርጊውመንት ስም ከፊቱ ባክስላሽ ይፈልጋል። አር ከሌለ ሁለት፣ አር ካለ አንድ ይበቃል። የፎልደር ስምና ሬጄክስ ግን በሁለት በሁለት ባክቲክ ውስጥ ቢገቡ ስፊንክስ እንዳሉ ይተዋቸዋል። አርና ባክቲክ አብረው ሲሆኑ ምንጩን የሚያነብም ድረ ገጹን የሚያነብም አንድ ነገር ያያሉ። ባክስላሽ መድገምን የማልወደው በዚሁ ነው። ኮዱን ከፍቶ የሚያነበው ልጅ ሁለት ባክስላሽ አይቶ እንዳለ ይገለብጠዋል።

መልስ 19። ሁለት ወጥመድ ጨመረ። አንደኛው፣ አር ያለው ዶክስትሪንግ በባክስላሽ ማለቅ አይችልም። መዝጊያ ጥቅሱን ይበላዋል። ከጥቅሱ በፊት መስመር ውረዱ። ሁለተኛው፣ ከአር ይልቅ ኤፍ ካስገባችሁ ዶክስትሪንግ መሆኑ ይቀራል። ሄልፕ ባዶ ይሆናል። ሁለቱንም 3.12 ላይ ሞክሬያቸዋለሁ፤ እንዳለው ናቸው።

መልስ 20። የአምስት ኪሎው ተማሪ ተመልሶ ከየት ልጀምር አለ። መጀመሪያ ራፍን በዲ301 ብቻ አስነሣና የሚያወጣውን ዝርዝር አንድ በአንድ ተመልከት አልኩት። እያንዳንዱን ስታስተካክል ሄልፕን ጠርተህ በዓይንህ አንብበው። ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ሕጉን ፑል ሪኩዌስት በሚፈተሽበት ቦታ አስገባው። እኛም ቢሮ ሰኞ የምናስገባው በዚሁ መንገድ ነው። የስልክ ቁጥሩ ፈንክሽን መጀመሪያ ይስተካከላል።